አራት ሊትር የጠፋበት ክረምት

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ሥራ አገኘሁ። ባለቤቴ የነገረችኝ ቁርስ ላይ ነው፤ ዳቦ እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል።

«ጓሮ አንድ ሰው ያስፈልገናል» አለች። «ሒሳብ የሚችል።»

«ማስታወቂያ አውጡ» አልኳት።

«አውጥተን የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ትናንት የቅመም ብልቃጦቼን በፊደል ተራ ሲደረድር ዋለ።»

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። ባለቤቴና ታናሽ ወንድሟ ጓሯችን ባለው የድንጋይ ቤት ውስጥ ከኮክ ፍሬ አረቄ ያወጣሉ። ወንድሟ ድስቱንና እሳቱን ይይዛል፤ እሷ ጠርሙሱን፣ ደንበኛውንና ወንድሟን ትይዛለች። እኔ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ የሒሳብ መምህር ነበርኩና የዚያን ቤት ደጃፍ አልፌ አላውቅም። ባለፈው ወር ከቁጥጥር ቢሮ የመጣች ሴት ሁለት ጠርሙስ ወስዳ መረመረች። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው አርባ በመቶ ነው። አንዱ አርባ ሦስት ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው ሠላሳ ሰባት። እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ድረስ ሦስት በርሜል በተከታታይ ልክ አርባ ካልሆነ ፈቃዱ አይታደስም።

የባለቤቴን ወንድም በልቤ ግምቱ ብዬዋለሁ። ውሃውን እንዴት እንደሚጨምር ጠየቅኩት።

«እስኪበቃው» አለኝ።

«ምን እስኪበቃው?»

«መምህር፣ ይሄ ነገር እኮ ይታወቃል።»

«ለማን?»

«ለምላስ።»

ሥራውን ተቀበልኩ። ያለ እኔ እንደማይሆንላቸው ግልጽ ነው። ደስታዬን አላሳየኋቸውም። ባለቤቴ ግን ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ለብቻዋ ፈገግ ስትል አይቻለሁ፤ ምን እንዳሳቃት አላውቅም።


ሰኔ 5፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው ትምህርት። ተማሪ አንድ፤ ዕድሜው ሃምሳ ሁለት፤ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ የሚቀመጥ።

ከድስቱ ሁለተኛ ጊዜ የወጣው አረቄ ከመቶው እጅ ሰማንያው አልኮል ነው። ይህንን በተንሳፋፊው የመስታወት መለኪያ አይተናል። ያላቸው መለኪያ የጠንካራው ብቻ ነው፤ ከሰባ በታች ምልክት የለውም። የደካማውን ግምቱ አምና ሰብሮታል፤ አልናፈቀውም። ስለዚህ አርባ መድረሳችንን የምናውቀው በሒሳብ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ውሃ ሲጨመር አልኮሉ አይበዛም፣ አያንስም፤ ቦታ ብቻ ይሰፋለታል። ያለንን ሊትር በያዘው ጥንካሬ አባዝተን በምንፈልገው ጥንካሬ ስናካፍለው የመጨረሻው መጠን ይወጣል። መቶ ሊትር ሲባዛ በሰማንያ፣ ሲካፈል ለአርባ፤ ሁለት መቶ ሊትር። ከሁለት መቶው ላይ ያለንን መቶ ስንቀንስ የሚጨመረው ውሃ መቶ ሊትር ይሆናል።

«የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው» አልኩት።

«አምስተኛ ክፍልን አልፌያለሁ፤ ይሄን ግን አላስተማሩንም።»

«ያን ቀን ቀርተህ ይሆናል።»

«ዓመቱን በሙሉ ነው የቀረሁት፣ መምህር።»

ከሰዓት በኋላ መለኪያ በትር ሠራሁ። ቀጥ ያለ እንጨት መረጥኩና ባዶ በርሜል ውስጥ ውሃ በሃያ በሃያ ሊትር እያፈሰስኩ፣ ውሃው በደረሰበት ሁሉ በቢላ ምልክት ቆረጥኩ። ሁለት መቶው አካባቢ በየሊትሩ ጥቃቅን ምልክቶች አሉት። ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና «ቆንጆ ነው» አለች። ሁለቴ እንድትለው አደረግኩ።


ሰኔ 13፣ ሐሙስ

በችኮላ። የመጀመሪያው በርሜል ተቀላቀለ። አምስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን አረቄ፣ አምስት ጀሪካን ውሃ፤ ሁሉም እስከ አፉ። እኔው ራሴ አፈሰስኩ፣ ግምቱ እንዲነካ አልፈቀድኩም።

በትሩን ነከርኩ። ከሁለት መቶው በታች ነው። ሦስት ሊትር ያህል ጎደለ።

ሌላም ነገር። እጄን በርሜሉ ላይ አሳረፍኩ፤ ለብ ብሏል። አጠገቡ እሳት የለም።

አንዱን ጀሪካን አጉድዬው ይሆናል። ምሳ ተጠራ።


ሰኔ 14፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ጎህ ሲቀድ ሄጄ ለካሁ። በርሜሉ ቀዝቅዟል። የጎደለው አሁን አራት ሊትር ነው።

ሌባ አይደለም። ግምቱ ጨጓራው ስለማይችል ቀምሶ ይተፋል እንጂ አይውጥም። ባለቤቴ መጠጥ አፏ አይደርስም። ወለሉ ደረቅ ነው፤ በርሜሉ አላፈሰሰም። ክዳኑ ጥብቅ ነው።

በባለ አራት ሊትሩ ጆግ ውሃ ቀዳሁና እስከ ምልክቱ ሞላሁት። ማንም ሳይነሣ ተመልሼ ጋደም አልኩ።

ለባለቤቴ ለምን እንዳልነገርኳት አላውቅም። እነግራታለሁ። አንድ ጀሪካን በትክክል አለመሙላት ትልቅ ነገር አይደለም። ተማሪ ቢሆን ግን ነጥብ እቀንስበት ነበር።


ሰኔ 19፣ ረቡዕ

በርሜሉን ጠረጠርኩ፣ በትሩንም ጠረጠርኩ። ዛሬ በሁለተኛው በርሜል፣ በንጹህ ውሃ ብቻ ሞከርኩ። አሥር ጀሪካን ውሃ፤ በትሩ ሁለት መቶ አለ፤ ፀጉር እንኳ አልሳተም።

እንግዲህ በርሜሉ ደህና ነው። በትሩም ደህና ነው። ያልተፈተሸ አንድ መሣሪያ ቀረ፤ እሱም እኔ ነኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ቁመትና ወገብ በቃሉ ይዞ፣ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ «ወፍረሃል» ወይም «ከስተሃል» ይል ነበር። የእሱ ነገር የጀመረው በአንድ ሱሪ ነው። አንደኛው እግር ከሌላው በአራት ጣት አጠረ። ደንበኛው ሳቀ፣ አባቴም ሳቀ፤ ሌላ ቆረጠ። ያም አጠረ። በሦስተኛው ዓመት እኔን በአጎቴ ስም ይጠራኝ ጀመር፣ ደግሞ በፍቅር። ያኔ ዕድሜው የኔን ያህል ነበር።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ዝናቡ ነው።


ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ሁለተኛው በርሜል። በቀኝ ኪሴ አሥር ፍሬ ባቄላ ያዝኩ። አንድ ጀሪካን በገለበጥኩ ቁጥር አንዱን ወደ ግራ ኪሴ። ሲያልቅ ቀኝ ኪሴ ባዶ፣ ግራው አሥር።

ጎደለ። ያው ሦስት ሊትር ከምናምን። ነገ ጠዋት አራት እንደሚሆን አውቃለሁ።

እስከ አሥራ ዘጠኝ ያለውን የማባዣ ሰንጠረዥ በቃሌ ወጣሁት፤ ወደ ታችም ወረድኩት። መጨረሻ ያስተማርኩትን ክፍል ስም ዝርዝር ከነአባቶቻቸው ጠራሁ። አንድ አልቀረም። ግን ባቄላውን ጀሪካን ሳልገለብጥ አዛውሬው እንደሆነስ? የዘነጋ ሰው መዘንጋቱን በምን ያውቃል?

ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ ስትል ባቄላውን ኪሴ ውስጥ አገኘችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለሥራ ነው።»

«ልትዘራ ነው?»

ባቄላውን ከእጇ ወስጄ ቆጠርኩት። ረጅም ጊዜ አየችኝ።


ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ አራት ሊትር ሞላሁ። ስመለስ ባለቤቴ የቤታችን በር ላይ ቆማለች፤ ነጠላ ጫማዋን እንኳ አላደረገችም።

«የት ነበርክ?»

«አየር ልቀበል ወጥቼ።»

«በጆግ?»

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ተጠጋችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። ቀጥሎ ከአፌ አጠገብ። ወዲያው አልራቀችም፤ ፊቷን ፊቴ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። እንዲህ ካደረገች ዓመታት አልፈዋል።

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ለእሷ ስል እንኳ ደህና መሆን አለብኝ።


ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ትናንት ሁለቴ፣ ዛሬ ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በፊት አንዴ። በየክፍሉ ተከትላኝ እየመጣች ትስመኛለች። ጡረታ ይህን ያህል መልካም ነገር እንዳለው ቀድሞ የነገረኝ የለም።

ማታ ከወንድሟ ጋር በዝቅተኛ ድምፅ ሲያወሩ በመስኮት ሰማሁ።

«ምንም አይሸትም» አለች።

«ጎበዝ ነዋ» አለ እሱ። «ሎሚ እያኘከ ይሆናል።»

ስለ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ስለ ጎረቤቱ ፍየል ይመስለኛል።


ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ልጃችን መጣች። ነርስ ናት፤ በወር አንዴ ነው የምትመጣው፣ ዛሬ ግን ቀኗ አልነበረም። ገና ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ዓይኔን ትመለከተው ጀመር። ቀጥላ እጅህን ዘርጋ አለችኝ። ዘረጋሁ። ከዚያም «አባዬ፣ እስቲ በዚህ የወለል መስመር ላይ ቀጥ ብለህ ሂድ» አለችኝ። ሄድኩላት። ምን እየፈተነች እንደሆነ ገባኝና ጊዜ እንዳታባክን ብዬ ሳትጠይቀኝ የአሥራ ዘጠኝን ማባዣ ወጣሁላት። ከንፈሯን ነከሰች።

«አባዬ፣ ጎህ ሲቀድ ጓሮ ትሄዳለህ አሉ።»

ነገሩ እንደታወቀ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አለኝ።

«እሄዳለሁ።»

«ምን ያህል ነው?» አለች በቀስታ።

«አራት ሊትር ያህል።»

ፊቷ ልውጥ አለ። «በአንድ ጊዜ?»

«በየበርሜሉ» አልኳት። «ሁልጊዜ ያው አራት ነው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

እጄን በሁለት እጇ ያዘችና አለቀሰች። «ምንም አይደለም፣ አባዬ። በሽታ ነው እኮ። የስንቱ ሰው አባት አለበት። ቶሎ ከያዝነው እናሸንፈዋለን። የሚያሳፍር ነገር የለውም።»

«ለእናትሽ ንገሪያት፤ እኔ አልቻልኩም» አልኳት።

«ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።»


ሐምሌ 7፣ እሑድ

እንግዲህ ታወቀ። በሽታ ነው።

ከቁልፌ ዘለላ ላይ የድንጋዩ ቤት ቁልፍ የለም። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ልክ ናት። ጀሪካን መቁጠር ለማይችል ሰው ሦስተኛውን በርሜል አትሰጠውም። የቢሮዋ ሴት የምትመጣው ደግሞ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ነው።

ሒሳቡን ለግምቱ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩለት፤ እኔ ባልኖር እንዲሠራበት። «ባልኖር» ስል የት እንደምሄድ አላውቅም። እዚሁ ወንበር ላይ ነው የምሆነው፤ አባቴም እዚሁ ወንበር ላይ ነበር።

ግምቱ አነበበው። «መምህር፣ አሁን ገባኝ» አለ። ሊያስደስተኝ ብሎ እንደሆነ ያስታውቃል። ይልቅ ምነው ዝም ባለኝ።


ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ይህን የምጽፈው እየሳቅኩ ነው፤ ጽሑፌ ቢጣመም ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው። በተራ ልጻፈው።

ጠዋት ስነሣ ተናደድኩ። ተማሪ መልሱ ሲሳሳትበት «ተሳስተሃል» ብዬ አልፌው አላውቅም፤ የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳተ ፈልግ ነበር የምለው። ለራሴ ግን ይህን አላደረግኩም። በሽታ ነው ሲሉኝ አሜን ብዬ ተቀበልኩ። በሽታ ከሆነ የት መስመር ላይ እንዳለ ልየው አልኩ። በርሜል ትልቅ ነው፤ በጀሪካን መቁጠር ያሳስታል። ትንሽ ዕቃ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ማፍሰስ፤ ሁለት መቁጠር የማይችል ሰው ካለ ያኔ አርፎ ይቀመጥ።

ከመድኃኒት ቤቱ ባለመስመር የመስታወት መለኪያ ተዋስኩ፤ አንድ የሊትር፣ አንድ የግማሽ ሊትር። የቀረኝ አረቄው ነው፤ ቁልፉ ደግሞ የለኝም። ባለቤቴ ወጥ ቤት ነበረች።

«ከጠንካራው ሦስት ሊትር ስጪኝ» አልኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። «ለምን?»

«ለራሴ። ልወቀው።»

«ልጅህ ያለችህን ሰምተሃል?»

«ስለሰማሁ ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። በመጨረሻ «እኔ ፊት ከሆነ» አለች፤ «ተደብቀህ ከምታደርገው።» ወንድሟን ላከችው። ጠርሙሶቹን ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሁለቱም ልክ አስከሬን እንደሚጠብቅ ሰው ያዩኛል። እሷ ዳቦ ቆርጣ አጠገቤ አኖረች። «ባዶ ሆድህን አይሁን» አለች። ደግነቷ ገረመኝ።

አንደኛ። ግማሽ ሊትር ውሃ፣ በላዩ ግማሽ ሊትር ውሃ። አንድ ሊትር ሙሉ። እጄ ደህና ነው።

ሁለተኛ። ግማሽ ሊትር አረቄ፣ በላዩ ግማሽ ሊትር አረቄ። አንድ ሊትር ሙሉ። ዓይኔም ደህና ነው።

«መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ ግምቱ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለችው።

ሦስተኛ። ግማሽ ሊትር አረቄ፣ በላዩ ግማሽ ሊትር ውሃ። ጎንበስ ብዬ በመስመሩ ትክክል አየሁ።

ጎደለ። ወደ ሁለት መስመር የሚጠጋ።

ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። ደፋሁትና ደገምኩት። ያው። ሁለት ብቻ ነበር የቆጠርኩት፤ አንድ፣ ሁለት።

«ነይ አንቺ አፍሺ» አልኳት።

«እኔ?»

«አንቺ። ምንም አልነግርሽም። ግማሽ ከዚህ፣ ግማሽ ከዚያ።»

የእሷን እጅ አውቀዋለሁ። ሚዛን የማይጠይቅ እጅ ነው። እስከ መስመሩ ለካች፤ አንዲት ጠብታ ስታልፍባት መልሳ ቀነሰች። ቀላቀለች። ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቅንድቧ ተሰብስቧል።

«ጎደለ» አለች።

ይህች አንዲት ቃል ለአርባ ዓመት ከሰማኋቸው ትክክለኛ መልሶች ሁሉ ትበልጣለች።

«አንቺም ጎደለብሽ» አልኳት።

«አላፈሰስኩም እኮ። አየኸኝ አይደል? አንተስ አየኸኝ?» ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ መጥቶ ራሱ ሞከረ፤ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ቢያፈስስም የእሱም ጎደለ። መስታወቱን ጨበጥኩት፤ ለብ ብሏል፣ ልክ እንደ በርሜሉ። ትንሽ ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ሌላ ጥቂት ወረደ፤ ይህም ልክ እንደ በርሜሉ ነው። ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን የአንድ ብርጭቆ ነገር ስንመለከት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል።

ውሃ ከውሃ ጋር ሙሉ ነው። አረቄ ከአረቄ ጋር ሙሉ ነው። ውሃና አረቄ ሲገናኙ ግን ይጠጋጋሉ። የጠፋ ነገር የለም፤ ከሁለቱም አንዲት ጠብታ አልቀነሰም፤ የያዙት ቦታ ብቻ ጠበበ። መደመሬ ስህተት አልነበረውም። ስህተቱ ሊትር ሁልጊዜ ይደመራል ብዬ ማመኔ ነው።

«እንዴት ይጠባል?» አለ ግምቱ።

ባለቤቴ ቀድማኝ መለሰች። «ሁለት ሰው በአንድ ጃንጥላ ሲሄድ አላየህም? ለየብቻ ቢሆኑ መንገዱን ይሞሉታል። ሲዋደዱ ትከሻቸው ይደራረባል።»

ማስረጃ አይደለም፣ ምሳሌ ነው። ግን ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ከዚያ ነገርኳቸው። ስለ ጆጉ፣ ስለ ባቄላው፣ ስለ አባቴ ሱሪ፤ ጭንቅላቴ እየሄደ መስሎኝ ክረምቱን ሙሉ ማባዣ ስደግም እንደነበር። ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቆይ» አለች። «አትጠጣም ነበር ማለት ነው?»

«ማን?»

«አንተ።»

«ምን?»

ግምቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል፤ መጨረሻ ላይ «አራት ሊትር፣ በየበርሜሉ» ማለት ቻለ። ባለቤቴም እየሳቀች ታለቅሳለች። ለልጃችን ደወልንላት፤ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ስለተናገርን ጉዳዩ እስኪገባት ቆየ። ሲገባት «አባዬ፣ እኔ እኮ ሐኪም ይዤልህ ነበር» አለች። «የምን ሐኪም?» አልኳት። ሳቋ ስልኩን አፈነው።

ሐምሌ 1 የጻፍኩትን አሁን መልሼ አነበብኩት። አልሰርዘውም።


ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ረጋ ብዬ ሳስበው። ማባዛቱና ማካፈሉ ልክ ነበር፤ የመጨረሻው መጠን ሁለት መቶ ሊትር መሆን አለበት፣ ነውም። የተበላሸው መቀነሱ ነው። የሚጨመረው ውሃ አስቀድሞ በመቀነስ አይገኝም። እስከ ምልክቱ ይሞላል፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ የወረደው እንደገና ይሞላል። መቶ ሊትር ውሃ ብቻ ጨምሬ ብተወው ኖሮ አርባ አንድ ሊጠጋ ነበር።

እንግዲህ ያ ጎህ ሲቀድ በጆግ የማደርገው ነገር፣ በፍርሃት፣ ተደብቄ፣ እንደ ሌባ፤ በርሜሎቹን ልክ አርባ ላይ ያደረሳቸው እሱ ነው። ይህን ሳውቅ ለብቻዬ ጓሮ ውስጥ በዝናብ ተመላለስኩ።

ቁልፉ ዘለላዬ ላይ ተመልሷል። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።


ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ሦስተኛው በርሜል። በግልጽ፣ በቀን፣ በሳቅ። ግምቱ ያፈስሳል፣ እኔ በትሩን እይዛለሁ፣ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትቆጣጠረናለች።

«እስኪበቃው?» አለ ግምቱ።

«እስከ ምልክቱ» አልኩት።

«ያው ነው እኮ።»

ያው አይደለም፤ ግን ዛሬ አልተከራከርኩትም።


ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

የቢሮዋ ሴት መጣች። የዝናብ ቦት ጫማዋን በር ላይ ለማውለቅ ስትሞክር ባለቤቴ ከለከለቻት። ከሦስቱም በርሜል በረጅም ብርጭቆ ቀዳች፣ ሙቀቱን አየች፣ የራሷን ተንሳፋፊ መለኪያ ጣለች። መለኪያው ወደ ላይ ወደ ታች ሲል እኛ ትንፋሽ የለንም።

«አርባ» አለች።

ሁለተኛው። «አርባ።»

ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አየችው። «አርባ። ማን ነው የሚለካላችሁ?»

«ድሮ ምላሴ ነበር» አለ ግምቱ። «መምህር መጡና ጡረታ አወጡት።»

ፈቃዱ ታደሰ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ባለቤቴ እጄን ያዘችና የድንጋዩን ቤት ዙሪያ አብረን ዞርነው። በርሜሎቹ ጎን ስንደርስ «ሰኔ ላይ የጠራሁህ ሒሳብ ጨንቆኝ መሰለህ?» አለችኝ።

«ታዲያ?»

«ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ቆመህ የትምህርት ቤቱን ደወል ስትጠብቅ ማየት አላስችል ብሎኝ ነው።»

እኔ ደወል ጠብቄ አላውቅም። በዚያ ሰዓት መስኮት ላይ መቆም ግን አዘወትር ነበር።


ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

ጠርሙሱ ላይ የምንለጥፈው ወረቀት ታትሞ መጣ። ትዕዛዙን ያሰላሁት እኔ ነኝ። ስድስት መቶ ሊትር፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ የሊትር ሦስት አራተኛ። ግምቱ ሲለጥፍ፣ ሲለጥፍ ዋለና ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ይዞ መጣ።

«መምህር፣ ወረቀቱ አልቋል።»

«ጠርሙሱስ?»

«ጠርሙሱ ገና ነው። ብዙ ነው። ምን ልበልዎት፣ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።»

የትዕዛዙን ወረቀት አወጣሁ። ባለቤቴ ፊቴን ታየኛለች፤ እጇን ትከሻዬ ላይ ልታሳርፍ አንስታለች። ከላይ ጀምሬ በየመስመሩ ወረድኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ አገኘሁት። ለሦስት አራተኛ ማካፈል ሲገባኝ በሦስት አራተኛ አባዝቻለሁ። ስምንት መቶ ማዘዝ የነበረብኝ፣ አራት መቶ ሃምሳ አዘዝኩ።

የማንም ጥፋት አይደለም፤ የውሃም፣ የአረቄም። የራሴ የሆነ፣ ንጹህ፣ መነሻው የሚታወቅ ስህተት ነው። በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩበትና ለሁለቱም አሳየኋቸው።

«ለራስዎ ስንት ሰጡ?» አለ ግምቱ።

«ዜሮ» አልኩት። ባለቤቴ ያነሣችውን እጅ አወረደችና ሳቀች። ግምቱ በዝናቡ ውስጥ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጠ።

ከዚያ ምሳ በላሁ። ልጃችን ዘግይታ መጥታ ስለነበር ከእሷ ጋር ደግሞ በላሁ። ሁለተኛውን የበላሁት የመጀመሪያውን ረስቼው አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው።